ከክንዴ የወጣው ደም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብትስቁብኝም ግድ የለኝም። አርብ ገበያ አጠገብ ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ፣ ጋኔን ያየ፣ ወንዝ ዳር የተለከፈ፣ ስሙን የሚጠራ ድምፅ የሰማ ጎረቤት ያጣሁበት ዓመት የለም፣ እኔ ግን ሰው ሁሉ በሚፈራው በቀትር ወንዝ ወርጄ ልብሴን አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ቁጭ ብዬ አድርቄ እመለስ ነበር። አየሁ የሚለኝን ሰው ምን ለብሶ ነበር፣ በየት በኩል መጣ፣ ምን አለህ ብዬ ስጠይቀው ይቆጣኛል፣ ከተቆጣ ደግሞ አላየም ማለት ነው ብዬ እተወዋለሁ።

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልለቅም፣ ጣጣውንም ያመጣብኝ ይኸው ነው። ሁለተኛው ጠባዬ ደግሞ ፍርድ ሲጓደል ዝም ማለት አለመቻሌ ነው። አንድ ፋሲካ በሬ በቅርጫ ስንካፈል ለእኛ ለባል አልባዎቹ አጥንት አጥንቱን ሲመድቡልን አይቼ፣ ዕጣ ካልወጣ አልነሣም ብዬ ሥጋው በተደረደረበት ቅጠል ላይ ቁጭ አልኩበት። ዕጣ ወጣ። ለእኔ የደረሰኝ ያው አጥንቱ ነበር፣ ግን በዕጣ ስለደረሰኝ፣ እመኑኝ፣ ጣፈጠኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፣ ኋላ የምነግራችሁን ነገር ምን ዓይነት ሰው እንዳደረገው እንድታውቁልኝ ነው።

ልጄ አለምነሽ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ጡቷ ውስጥ የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ስታገኝ ለማንም አልተናገረችም፣ የሚያሳፍር ቦታ ነው ብላ ነው። እኔ ሳውቀው የዶሮ እንቁላል አህሎ ነበር። ደብረ ታቦር ወሰድናት፣ ከዚያ ባሕር ዳር ላኩን፣ ባሕር ዳር ላይ አንድ ልጅ እግር ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶኝ ነቀርሳው ከጡቷ አልፎ ሳንባዋ መግባቱን፣ ሕመሙን ከማስታገሥ በቀር የሚደረግ ነገር አለመኖሩን ነገረኝ፣ ሲነግረኝ እሱ ራሱ ዓይኔን ማየት አቃተው፣ ገና ልጅ ነው፣ ለስንቷ እናት እንዲህ ይል ይሆን ብዬ ለእሱም አዘንኩ። መልሰን ወደ ቤቷ አመጣናት።

አለምነሽ አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ መቅደስ ትባላለች። እዚሁ አርብ ገበያ ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ውጭ አገር ሄዳ ተጨማሪ ተምራ፣ ተመልሳ አዲስ አበባ አንድ የምርምር ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። የእናቷን ነገር ስትሰማ ኅዳር በባተ በሦስተኛው ቀን መጣች፣ የበረዶ ሳጥን በእጇ አንጠልጥላ። ሦስታችን ደጃፉ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ከቦርሳዋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ እንደ መስታወት የምታሳይ ነገር አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቺፕ ትባላለች አለችኝ።

«ለዚች ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው?» አልኳት።

«ለዚች ነው እማማ። እንዳትተነፍሺባት፣ ትበርብኛለች።»

እናቷ ሳቀች፣ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ መቅደስ አስረዳችን። በዚያች ነገር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቦዮች ተቆፍረዋል፣ በቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ምሰሶዎች ተደርድረው ቆመዋል፣ የሰው ደም ሲገባባት ጤነኛው ትንንሹ ሕዋስ በምሰሶዎቹ መሐል ሾልኮ ያልፋል፣ የነቀርሳው ሕዋስ ግን ወፍራም ስለሆነ ምሰሶውን እየገፋ ወደ ጎን ይወጣል፣ ለብቻው ይለቀማል። የነቀርሳ ሕዋስ በደም ውስጥ ሲሄድ ከጤነኛው ብዛት የተነሣ በአንድ ጎተራ እህል ውስጥ እንደገባች አንዲት ፍሬ ነው፣ እሷን ቀድሞ መያዝ ቢቻል ገና አተር ሳያክል ይታወቅ ነበር አለች፣ ይህን ስትል እናቷን አላየቻትም። በስልኳም አሳየችን፣ ሕዋሶቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው ይመጡና አንዱ ብቻ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። ወንፊት ነዋ፣ አልኩ። ወንፊት ነው፣ አለችኝ፣ ግን ገና አላለቀም፣ ይሳሳታል፣ የብዙ በሽተኛ ደም አልፎበት ነው የሚታረመው።

ከዚያ ወረቀቱን አወጣች። እናቷ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆነች መፈረም አለባት። እኔ ተቀበልኩና ማንበብ ጀመርኩ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፣ «ተሳታፊዋ ከዚህ ጥናት በቀጥታ የምታገኘው ጥቅም የለም።» ደግሜ አነበብኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ይህ ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ መቅደስ፣ ልጅቱ መዋሸት አታውቅም፣ እውነት ነው እማማ፣ ለእሷ የሚደርስ ነገር የለም፣ ከእሷ በኋላ ለሚመጡት ነው አለችኝ። ውጤቱስ ይነገራታል ወይ አልኳት፣ አይነገራትም፣ ደንቡ አይፈቅድም አለች። ደሙ ሲያበቃስ የት ይገባል አልኳት። ይቃጠላል አለች፣ ከሌላው ቆሻሻ ጋር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የተጠመቀች፣ የቆረበች ክርስቲያን ደም እንደ ጉድፍ ሊቃጠል ነው፣ ከሞተ ሰው ላይ የተቆረጠ ጥፍር እንኳን በማይጣልበት አገር። እንደለመድኩት ተነሣሁባቸው፣ ከበሽተኛ ወስዶ ለበሽተኛ አለመስጠት ፍርድ አይደለም አልኩ፣ የሰጠ ካልተቀበለ ዘረፋ ነው አልኩ፣ ያልተናገርኩት የለም። አለምነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ በዕድሜዋ ሙሉ እሺ እማ ስትለኝ የኖረች ናት። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና፣

«እማ፣ ደሙ የእኔ ነው አይደል? እኔ ሰጥቻለሁ። አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝ።

ፈረመች። በማግስቱ ከከተማ ነርስ መጥታ ቀዳችላት፣ አንዲት ብልቃጥ ሞላች። መቅደስ ስሟን ጽፋበት በረዶው ውስጥ አስገባችው። ማታ አለምነሽ እንደ ልጅ ደስ ብሏት፣ እኔ ያልተሳፈርኩበትን አውሮፕላን ደሜ ከባሕር ዳር ሊሳፈርበት ነው እያለች ታስቀን ነበር።

በነጋታው መቅደስ ወንበር ልትይዝ ወደ መናኸሪያው ስትወጣ ሳጥኑን ከፈትኩ። ብልቃጡን ስይዘው ቅዝቃዜው ጣቴን ቆረጠመኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሳጥኑን እንደነበረ ዘጋሁና ወደ ማርያም ሄድኩ፣ ከቅጽሩ ውስጥ ከትልቁ ጽድ ሥር ክንድ ያህል ቆፍሬ ቀበርኩት፣ የማውቀውን ጸሎት አደረስኩ፣ አፈሩን መልሼ ድንጋይ ጫንኩበት። ያን ጊዜ ፍርድ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩ።

መቅደስ በረዶ ልትቀይር ደብረ ታቦር ላይ ሳጥኑን ስትከፍተው ባዶ ሆነባት። ደወለችልኝ፣ አልካድኳትም፣ ቀብሬዋለሁ አልኳት። ከሦስት ሳምንት በፊት መመለስ አልችልም አለችኝ፣ ከዚያ ዘጋችው። ማታ አለምነሽ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ፣

«ደረሰ?» አለችኝ።

«ደርሷል» አልኳት።

በየቀኑ ትጠይቀኝ ጀመር፣ ዛሬስ አዩት ወይ፣ በቦዩ ገባ ወይ፣ ታጠፈ ወይ ትለኛለች፣ እኔም ገባ፣ ታጠፈ፣ መቅደስ ደስ ብሏታል እላለሁ። ሕመሙ ሲጠናባት እንኳ ይህን ስነግራት ፊቷ ይፈታ ነበር። ለአንድ ነገር ከዋልኩ ይበቃኛል ብላ መቅደስ በሄደች በሃያኛው ቀን ሞተች፣ መቅደስ የደረሰችው ለቀብሩ ነው፣ አጠገቤ ቆማ አላለቀሰችም፣ እኔንም ቀና ብላ አላየችኝም።

አሁን አላምንም ያልኩትን ወደሰማሁባት ቀትር ልምጣ።

አርባዋ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፣ ጥር ውስጥ። ዘመዱም ጎረቤቱም በሙሉ አውድማ ላይ ነበር፣ ለተዝካሩ ዳቦ የሚሆነውን ስንዴ እኔ ላንገዋልል ቀርቻለሁ። የዚያ ዓመት ስንዴ እንክርዳድ የበዛበት ነበር፣ እንክርዳድ ሳይለቀምለት የተጋገረ ዳቦ የበላ ሰው ራሱ ይዞርበታል፣ እንግዳ ጠርቶ ደግሞ ይህን ማብላት ነውር ነው። አንድ ሰፌድ ሞልቼ ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኩና፣ ዶሮ እንዳይገባበት በሩን በውጭ በኩል በችካሉ ቆልፌ፣ መጀመሪያ ጋኖቹን ልጠብ ብዬ ግቢ ወጣሁ። ፀሐይዋ ከአናቴ ላይ ነበረች፣ ጥላዬ ከእግሬ ሥር ገብቷል። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር፣ ግን እጄ ውኃ ውስጥ ነበር፣ ውኃው ይቀዘቅዝ ነበር፣ ነቅቼ ነበር።

ሰፌድ ሲንገዋለል ሰማሁ። ሸሽ፣ ሸሽ፣ ሸሽ፣ ከዚያ ጠቅ።

ዶሮ ናት አልኩ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ሸሽ፣ ሸሽ፣ ሸሽ፣ ጠቅ። ዶሮ ሦስት ጊዜ ቆጥራ አትጭርም፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ሦስቴ አንገዋልሎ ጠርዙን በጥፍር መምታት የአለምነሽ ልማድ ነበር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ለምን ትመቺዋለሽ ብዬ ስቆጣት ኖሬ ትቻታለሁ። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ችካሉ እንደቆለፍኩት ነው። በበሩ ስንጥቅ ብናኝ ይወጣ ነበር፣ ስንዴ ሲንገዋለል የሚነሣው ያ ቀጭን ብናኝ፣ ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያበራል፣ እጄን ዘርግቼ መዳፌ ላይ ተቀበልኩት።

በስመ አብ አልኩ፣ አላቆመም። አለም፣ አልኳት፣ አላቆመም። ልሩጥ ብዬ ነበር፣ ግን ወዴት፣ ከልጄ ነው የምሮጠው? በመጨረሻ ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ፣ እንዲያው ከአፌ ወጣ፣

«አልደረሰም ልጄ። ዋሽቼሽ ነው» አልኩ።

ዝም አለ።

በሩን ስከፍተው ሰው የለም። ሰፌዱ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ስንዴው በአንድ ወገን ተቆልሏል፣ ጥርት ብሎ። እንክርዳዱ ግን በግራ በኩል አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ ከሰፌዱ ጠርዝ ወርዶ፣ በጓዳው ወለል ላይ እንደ ክር ተዘርግቶ እስከ በሩ መጥቷል፣ የመጨረሻዋ ፍሬ እኔ በቆምኩበት ከደፉ ሥር ነበረች። ቤታችን ውስጥ ወደ ግራ የምታንገዋልል ግራኝ አለምነሽ ብቻ ነበረች። ስንዴው ውስጥ እጄን ከትቼ ፈለግሁ፣ አንዲት እንክርዳድ አላገኘሁም። ያን ስንዴ ለተዝካሩ አስጋገርኩት፣ ሌላ ምን ላድርገው፣ እሷ ያበጀችው ነው።

መቅደስ ለተዝካሩ መጣች። ሰው ሲበተን ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። እንዳላመነችኝ ገባኝ፣ ሐዘን ነው እማማ፣ ተኝተሽ አታውቂም፣ ምግብ አልበላሽም አለችኝ፣ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ። ነገር ግን ብልቃጡን አውጥቼ እጇ ላይ ካላስቀመጥኩ እንደማይቀለኝ ነገርኳት። ተበላሽቷል፣ ሁለት ወር ያለፈው ደም አይሆንም አለች። አይሁን፣ የሰጠችው ለአንቺ ነው፣ ተቀበይልኝ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት የደብሩን ቄስ አስፈቅደን ሦስታችን ከጽዱ ሥር ሄድን። ድንጋዩ እንደጫንኩት ነበር። ቆፍሬ አወጣሁና አፈሩን በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠኋት።

ባዶ ነበር።

ስሟ ተጽፎበታል፣ የመቅደስ እጅ ጽሕፈት ነው፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ነው፣ የታሸገበት ወረቀት አልተቀደደም፣ ውስጡ ግን እንደታጠበ መስታወት ንጹሕ። ጠብታ የለም፣ የደረቀ እድፍ የለም። መቅደስ ወደ ፀሐይ አንሥታ አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ዳበሰችው፣ ስንጥቅ ፈለገች።

«እማማ፣ ባዶውን ነው እንዴ የቀበርሽው?»

«ከሳጥንሽ የወሰድኩትን ነው። ሙሉ ነበር።»

«ክዳኑ አልተነካም እኮ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጠችና ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የያዘችውን ልቅሶ ለቀቀችው። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ሳይባርኩ በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ፣ ምን እንደሚባርኩ ግራ ገብቷቸው።

ያን ጊዜ ነው ከእኔም ደም ቅጂ ያልኳት። ያንቺ ደም ለነቀርሳ አይሆንም ብላ ልትተወኝ ፈለገች፣ ግን ለማወዳደር የጤነኛ ሰው ደምም እንደሚያስፈልጋት አልካደችም። ያችኑ ወረቀት ሰጠችኝ። ቀጥተኛ ጥቅም የለም የሚለውን መስመር አነበብኩትና ስሜን ሙሉ አድርጌ ፈረምኩ። ያችው ነርስ መጣች፣ ከግራ ክንዴ አንዲት ብልቃጥ ቀዳች። ጨለም ያለ ነው፣ ውኃ ጠጪ አለችኝ። በዚህ ጊዜ ሳጥኑን እኔው ተሸክሜ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት።

ከዐሥር ቀን በኋላ መቅደስ ደወለች። አዲስ አበባ ነይ አለችኝ፣ ለምን ስላት አትነግረኝም፣ ደንቡ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፣ ድምፅዋን ግን እኔ አሳድጌዋለሁ፣ ፈርታ ነበር። ሄድኩ። ከአንድ ሐኪም ወደ ሌላው ወሰደችኝ፣ ጡቴን በመሣሪያ አዩት፣ ሳንባዬን፣ ሆዴን፣ አጥንቴን አዩት፣ የቀረ የለም። ምንም አላገኙም። ደግማ ከሁለቱም ክንዶቼ ቀድታ በዚያች በቺፕዋ አሳለፈችው፣ ጥርት ያለ ነበር።

ልመለስ ስል መናኸሪያው ላይ ሻንጣዬን ይዛ ቆማ ነገረችኝ። ከአርብ ገበያ ያመጣችው ደም በቺፕዋ ሲያልፍ ወደ ጎን የሚታጠፉት ብዙ ነበሩ፣ ሳንባ ድረስ የገባ ነቀርሳ ካለበት ሰው በቀር ከማንም አይታ በማታውቀው ብዛት።

«ዕቃው ተሳስቶ ይሆናል» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ። «ይሳሳታል ብለሽ ነበር።»

«ይሳሳታል» አለች። «እኔም እንደሱ ብዬ ነው የጻፍኩት።» አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። «ግን እማማ፣ ያ ደም ያንቺ አይመስለኝም።»

የቀረ ጠብታ ካለ የማን ደም እንደሆነ በዘሩ የሚለይ ሌላ ምርመራ የለም ወይ አልኳት። አለ፣ ግን ጠብታ አልቀረም አለችኝ፣ ሁሉም አልፏል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጓዳዬ ጸጥ ብሏል፣ ዳግመኛ የሰማሁት ነገር የለም። ነርሷ መርፌ ያስገባችበት ቦታ ብቻ አንዳንድ ቀን በቀትር በረዶ እንደነካው ይቀዘቅዝብኛል፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ እንኳ፣ ያን ጊዜ በሌላው እጄ ሸፍኜ እይዘዋለሁ። መቅደስ በየዓመቱ ደብረ ታቦር ወስዳ ታስመረምረኛለች፣ በሽታው ተደብቆ እንዳይሆን ትፈራለች። ሐኪሙ በየዓመቱ ወረቀቱን አገላብጦ፣ እናቴ ደስ ይበልዎት፣ ውስጥዎ ምንም የለም ይለኛል። እኔም አመስግኜ እወጣና፣ እሷም በውስጤ የለችም ማለት ነው እያልኩ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በደስታ ይመስለዋል።